የማጭድ ወር

ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየም ሲያልቅ፣
ሊዝ ያልደረሰበት አንድ የጤፍ ማሳ አለ፤
በኅዳር ከፎቄ ቁልቁል ስመለከት
ማጭድ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ብርሃን እያዘለ።

ኦቻን ግን አይወድም ማጭድ የሚሉት ቃል፤
ሐኪሙ ወረቀት ላይ ስሎ አሳይቶታል፦
ክብ የነበረው ደም ጎብጦ፣ ጫፉ ሾሎ፣
ከጠባቧ ሥር ላይ ሲቀር ተሰናክሎ።
«ማጭዱስ ይሁን» አለ፤ «የሚታጨደውን
ማን ዘርቶብኝ ነው?»
እናቱ አሪየት
መስኮት ዘጋች እንጂ አልመለሰችለት።

ከባሮ ዳር መጥታ፣ ከሞቃቱ አገር፣
ብርድ ጠላት መሆኑን ማን አስቀድሞ ይንገር?
የኅዳር ውርጭ እዚህ ሳያንኳኳ ይገባል።
ሌሊት፣ አጥንቱ ውስጥ ሲጀምር አጨዳው፣
ግድግዳዬን በእርግጫ ሲመታ እሰማለሁ፤
ጀሪካን አንጠልጥዬ ጎን በር እቆማለሁ።
«ብዙ ውኃ ይጠጣ»፣ የሐኪሙ ቃል ነው፤
ውኃ የሚመጣው ግን ማክሰኞ ሌሊት ነው።

እኔ ቂሊንጦ ነኝ፣ መድኃኒት ፋብሪካ፣
የማሸጊያ ክፍል፣ ጓንቴ እስከ ክርኔ ነጭ።
ዘንድሮ አንድ ክኒን መጣ፣ ስም ያልወጣለት፣
ደምን ከመጉበጥ ያድን እንደሁ ሊፈተሽ፣
ከድሮው መድኃኒት ላይ ተደርቦ ሊዋጥ።
ሁለት ጠርሙስ፦ አንድ መልክ፣ አንድ ክብደት፤
በአንዱ መድኃኒቱ፣ በአንዱ ባዶ ዱቄት።
የትኛው የትኛው ነው? ሐኪሙም አያውቅም፤
እኔም ቁጥር ለጣፊ፣ ከቁጥር አላልፍም፤
የሚያውቀው ወረቀት ካዝና ውስጥ ታሽጎ
ሁለት ክረምት ይተኛል።

ሐሙስ ለት ኦቻን ጠርሙሱን አመጣ።
አወቅኩት። ቁጥሩ በስተግራ ጠሟል፤
ግራኝ ነኝ፤ ስለጥፍ ሁሌ እንዲያ ይሆናል።
«እትዬ ይርገዱ፣ የኔስ እውነተኛው ነው?»
«አዎ» የምትል ቃል ምላሴ ላይ ነበረች።
«አላውቅም» አልኩት።
ጆሮው ሥር አስጠግቶ፣ ነቅንቆ አዳመጠ፤
«ባዶ ቢሆንስ» አለ፤ «አንድ ሰው ባዶውን
ካልዋጠ፣ የሙሉው ሙሉነት በምን ይታወቃል?»
ሐኪሙ ያስጠናው ይሁን፣ የራሱ ይሁን፣ እንጃ።
ወዲያው ደግሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ግን የኔ ሙሉው ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ዛሬ ማሳው ታጭዷል። ዐውድማው ላይ ሰውዬው
መንሹን አንስቶ፣ ቆሞ፣ ነፋስ ይጠብቃል፤
ነፋስ ሳይመጣ ማን ገለባ ይለያል?
ሰማዩን አየሁና
ጀሪካኖቼን በር ላይ ደረደርኩ።
ማክሰኞ ነው።