የሚያበራ ጉበት

ቧንቧ ውሃ መታጠፊያው ላይ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣
ከጠዋት ሁለት ሰዓት ጀንበር እስክትገባ፣
በጨለማ እሠራለሁ። ሥራዬ ሆድ ማየት ነው።
ጄሉን ስቀባ «ይቅርታ» እላለሁ፣ «ይበርዳል፤ ደሴ ነው።»
«ትንፋሽ ያዙ» ስል ይይዛሉ፤ «ልቀቁ» ስል ይለቃሉ፤
ከጎድናቸው ሥር ያለውን ከፊቴ ላይ ሊያነቡ ይሞክራሉ።

አማርኛችን ለሆድ ዕቃ ስንቱን ሙያ ሰጠ!
መርዶ ሲመጣ አንጀት ነው የተቆረጠ፤
ድንጋጤ ሲመጣ ሐሞት ነው የፈሰሰ፤
ቅሬታ ሲመጣ ሆድ ነው የባሰ፤
ለጉበት ግን ማን አለቀሰ?
ሥጋ ቤት፣ ከሚጥሚጣ ጎን ካልሆነ ስሙ አይነሣ፤
ሳያቃስት፣ ሳይወቅስ፣ ሳያገሳ፣
ስብ ይለብሳል ቀስ በቀስ፣
የክረምት ጉም እንደለበሰው ጦሳ።

መጀመሪያ ይማም ሙሄ፣ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር፤
ሃያ ዓመት ተቀምጦ ተሳቢ ሲያሽከረክር፣
የጠላ ጭላጭ አያውቅም፣ የአረቄ ጠብታ፤
ባቲ ላይ ለስላሳ፣ ሚሌ ላይ ለስላሳ፣
ጋላፊም ለስላሳ፣ ጠዋት ማታ።
«የጉበት ስብ? ለኔ? ለኔ?
ወላሂ ቀምሼ አላውቅም! ምን ልል ነው ለወገኔ?»
እንደ ሐሜት ቆጠረው። እንዴት ብዬ ላስረዳው፣
ጉበትን ጠርሙስ ብቻ እንዳልሆነ የሚጎዳው?

እትዬ አስናቁ፣ በርበሬ ነጋዴዋ፣ ከሰኞ ገበያ፤
የስኳር ክኒናቸው መቀነታቸው ጫፍ ላይ፣ ከገንዘብ ማኖሪያ።
ሰፈሩ «ተመችቷቸዋል! ወዝተዋል!» እያለ ሲያሞግስ፣
መቀነቱ አጠረ፣ ጫፉ ከጫፉ እስከማይደርስ።

መምህር አህመዲን ደግሞ፣ አካሉ የሸንበቆ ወገን፤
«ይህን ቀጭን ምን ይነካዋል» ብዬ ሳላምን፣
ጉበቱን ጠመኔ እንደነካው ሰሌዳ ነጥቶ አገኘሁት፤
ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፣ ሁለት ጊዜ አየሁት።

ከሁሉ ግን ያ ልጅ። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ፤
የብስኩት ፍርፋሪ የሞላው ደረቱ።
እናቱ በኩራት «ይበላልኛል» አለች፤
ዝም ስል ጊዜ እጁን ያዘች።
እናቷ በሰባ ሰባት ከቆቦ በእግሯ የወጣች፣
ልጅ ሲወፍር ከምስጋና ሌላ ምን ታውቃለች?

ከመዝገቡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ነጥብ አኖራለሁ፤
ለሪፖርት አይደለም፤ ለራሴ እቆጥራለሁ።
ሰኞ ከሃያ አራት ሰባት፤ ማክሰኞ ከሠላሳ ዐሥራ አንድ፤
ሙሽራ፣ ጸሐፊ፣ ዲያቆን፣ ሼህ፣ ሴት፣ ወንድ።
«ከሦስት ሰው አንድ» ይላሉ ዶክተር ይርዳው፣ «በየአገሩ ነው ጉዱ፤
እኛ ዘንድ ግን ማን ቆጥሮ? ሳያውቀው ነው ብዙው መሄዱ።»

ትናንት ማታ፣ ዘበኛው ሽበሺ በሩን ሳይዘጋ፣
ጄሉን በገዛ እጄ ቀብቼ ወጣሁ ከአልጋ።
(እውነትም ይበርዳል።)
ኩላሊቴ ጥቁር፤ ደህና። ከጎኑ ግን ጉበቴ
ጨረቃ እንዳረፈበት ሐይቅ ያበራል፤ ወይኔ እናቴ!
ብርሃን ሁሉ መልካም እንዳልሆነ ስንቱን ሰው መከርኩ፤
ለራሴ ሲሆን ግን መሣሪያውን ነቀነቅኩ፣
«ተበላሽቷል» አልኩ።

ወጣሁ። ባጃጁ «ሮቢት! ሮቢት!» ሲል በእጄ አለፍኩት፤
ዳገቱን በእግሬ ያዝኩት።
የጎረቤት ልጅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብላ
«ሰሚራ፣ ተመችቶሻል እኮ!» አለችኝ በሳቅ ተሞልታ።
አመሰገንኳት። ምን ልበላት?

ከዚያ ቆም ብዬ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ፣
ቀኝ ጎኔን ያዝ አድርጌ፣ ቅኔ ላልደረሰው፣ ለዝምተኛው፣
«አብሽር» አልኩት።
«አይቼሃለሁ። ገና ነው።»