ስምንተኛ «ለ»፣ ሰኞ ጧት

ዶዘር ለፒያሳ ያለበሰው ካባ፣
አቧራው፣ በመስኮት ተከትሎን ሲገባ፣
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩኝ፦ «ሳቅ ለምን ይጠቅማል?»
አንዱ «ለጥርስ!» አለኝ፣ ሌላኛው ይስማማል።

ከኋላ ወንበር ላይ ትርሲት ብድግ አለች፤
ቅዳሜ ነው ቤቷን ቆማ የቀበረች።
«ጣራው ቢያፈስብን ወረዳ አቤት አልን፤
ጣራውን አንስተው ማፍሰሱ ቀረልን።»

እኔ በሩን አየሁ፣ ተዘግቶ እንደሆነ፤
ክፍላችን ላይ ጸጥታ ለአፍታ ሰፈነ።
ከዚያማ ፈረስን፣ ያለ ዶዘር፣ በሳቅ፤
እሷም ሳቀች፣ ሳቀች፣
የተገታው ዕንባ መውጫ በሩን እስኪያውቅ።

ዳስተሬን አንስቼ ጥያቄውን ሳብስ፣
ጠመኔው ካቧራው እጄ ላይ ሲለወስ፣
«የውጤቱን ጣራ ሰጥቼሻለሁ» ስላት፣
«አያፈስም?» አለች፣
ሳቅ እየቀደማት።