ካቴና

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ሰላ ድንጋይ ላይ ንፋሱ ዐርፏል፤
በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከዘበኛው በቀር ሰው ጠፍቷል።
ሞተሯን ከግንቡ ጥግ፣ ፀሐይ ካለበት አቆምኩ፤
ማርሹን ፎሌ አርጌ፣ የኋላ ጎማዋን በድንጋይ ከፍ አደረግኩ።
ከዘይት ጣሳ ውስጥ ግማሽ ነጭ ጋዝ፣
የጥርስ ብሩሽ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ካሮጌ ጋቢ ጠርዝ።

አቶ ላቀው ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያየኛል፤
"ምነው ሲስተር፣ ለሰንበት እንኳ እጅሽ አያርፍም?" ይለኛል።

አያርፍም።

ጎማውን በግራ እጄ ወደ ኋላ አዞራለሁ፤
በቀኜ እየፈተግኩ፣ አንድ ሁለት እያልኩ እቆጥራለሁ።
መቶ አስራ ስምንት ቀለበት፣ መቶ አስራ ስምንት ጉንጭ፤
ያንዱ አፍ ሸክላ አፈር፣ ያንዱ አፍ የገብስ ብናኝ፣ ያንዱ ዝገት የሆነ ውርጭ።
የጥርሱ ክብ ስሙ ኮሮና ነው፣ ከበሽታው ቀድሞ የነበረ፤
በዚያ ዓመት ስሙን ስጠራ፣ ስንቱ ካጠገቤ በረረ!

ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል። ጣሳው ሥር የተኛው ደለል
የሳምንቱን መንገዴን ይናገራል፦
ይህ ቀዩ ከቁልቁለቱ፣ ይህ አመድማው ከገበያው፣
ይህ ጥቁሩ ደቃቅ ግን ከሞፈር ውሃ ማዶ ነው።

ከሞፈር ውሃ ማዶ . . .
ሐምሌ ነበር፤ ስልኬ ጮኸ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
"ሲስተር ድረሺ! አስካለ ምጥ ላይ ናት!"
ካፖርቴን ደረብኩ፣ የማዋለጃ ሻንጣዬን በጀርባዬ፤
ካቴናው ሲንቋቋ ሰማሁት፤ አለፍኩት፣ "ነገ አይሃለሁ" ብዬ።
ወር ሙሉ "ነገ" ስለው ነበር የሰነበትኩት።

ከወንዙ ዳገት ላይ፣ ካቴናው ከጥርሱ ወለቀ፤
ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም፤ ዝናቡም ያን ጊዜ ለቀቀ።
የስልኬን መብራት ነክሼ፣ ከጭቃው ተንበርክኬ፣
ካቴናውን ልመልስ፣ ጣቴን ከጥርሱ መሃል ልኬ፣
ጎማውን ብገፋው ዞረ፤ የቀለበት ጣቴን ጥፍር ይዞት ሄደ፤
እኔ ከወንዙ ወዲህ ሳምጥ፣ ከወዲያ ልጅ ተወለደ።

ስደርስ ነግቷል። እናቲቱ ደህና፣ እትብቱም ባዲስ ምላጭ ተቆርጦ፣
ልጁ በባና ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ጡጫውን ጨብጦ።
እማማ ትርንጎ፣ ያዋለዱት፣ እጄን አይተው ደነገጡ፦
"አንቺ ልጅ፣ የወለድሽው አንቺ ነሽ እንዴ?"
"ስሙን ማን አላችሁት?" ብል፣ አባትየው ዐይኑን ሰበረ፤
"ቀደመ ነው ስሙ" አለ፤ ቤቱ በሳቅ ሰከረ።
ገንፎውን በማንኪያ አጎረሱኝ፣ እጄ ግራሶ ነበርና፤
ጣፈጠኝ፤ ደግሞም አፈርኩ፤ ሁለቱም ባንድ ጉርሻ ገቡና።

አሁን ቀለበት በቀለበት፣ በጨርቁ ጨብጬ አደርቃለሁ፤
ጋዝ ባልደረቀበት ዘይት አይዝም፤ ይህን ካጥናፉ ሰምቻለሁ፣
ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጀርባ፣ ካንድ ዐይናው መካኒክ።
"ከውስጥ በኩል ቀቢው፤ ሲዞር ራሱ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤
ጠብታ ይበቃል፤ ሲበዛ አቧራ ይጋብዛል።
መሃሉን ስትጫኚው ሁለት ጣት ያህል ይርገብ" ይላል፤
"የጠበቀ ይበጠሳል፣ የላላ ይወልቃል።"
ስለ ትዳር ጠይቄው ነበር አንዴ፤ ያንኑ ደግሞ ብሏል።

ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ፖሊስ ነው፤ እሱም አለው ካቴና፤
አንድ ስም፣ ሁለት ብረት፤ ያንዱ ሥራ ማሰር፣ ያንዱ ጎዳና።
"የእኔ ዘይት አይፈልግም" ይለኛል እየሳቀ።
አላምነውም።

ጎማውን ገፋሁት። ዞረ፣ ዞረ፤ ድምፅ የለውም።
"ሞተች እንዴ?" አለ አቶ ላቀው።
"ጠግባ ነው" አልኩት።
እጄን በኦሞ አሸሁት፤ ከጥፍሬ ሥር ያለው አይለቅም።
ያቺ ጥፍር በቅላለች፣ ትንሽ ተጣማ።

ነገ ሰኞ ነው። ከማዶ ሰባት ነፍሰ ጡር ተመዝግባለች፤
አንዷ አስካለ ናት፣ ሁለተኛዋን ይዛለች፤
"የዚህን ስም" ብላኛለች፣ "አንቺ ታወጪለታለሽ፣
ከደረስሽ።"