አንድ ኪሎ የማይሞላ

ሻርጃ ውስጥ፣ ሮላ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
ስድስት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳ የሚያሳይ።
የእኔ የላይኛው ነው፤ ጣራው ከአፍንጫዬ
አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፤ እዚያ ነው ቢሮዬ፤
ላፕቶፑን ጭኔ ላይ፣ ጀርባዬን ለግንብ፣
ሰው ሲተኛ እነቃለሁ፣ ሒሳብ ለማንበብ።

ያገለገለ ነው፤ ዴይራ ነው የገዛሁት፤
ስድስት መቶ ድርሃም፣ በሦስት ወር የከፈልኩት።
ጥቁር ነው፣ ስስ ነው፣ አንድ ኪሎ አይሞላ፤
ምሳ ዕቃዬ ይበልጠዋል፣ ምሳው ካለቀ ኋላ።
ሆዱ ላይ ተለጥፏል የድሮ መሥሪያ ቤቱ ስም፣
የንብረት ቁጥሩም አለ፤ ብፍቀው አይለቅም፤
ዜሮ አራት አንድ ሰባት። አውሮፕላን የለመደ፣
በሥራ አስኪያጅ ሻንጣ ካገር አገር የሄደ፣
ከእኔ ጋር ሽንኩርት ሊቆጥር ወረደ።

ቀን ወደብ ላይ ነኝ፤ ከእንጨት ጀልባው አጠገብ፣
የበርበራን ፍሪጅ፣ የቦሳሶን ሽንኩርት መመዝገብ።
ማታው የራሴ ነው፤ ሒሳብ ሹም እንድባል
ሦስት ፈተና ይቀረኛል።

ችግሩ ማራገቢያው ነው።
ሠንጠረዥ ከፍቼ መስመሩ ሲበዛ
አንደኛ ትንኝ ነው፣ ቀጥሎ ጢንዚዛ፣
ኋላማ ሊነሣ ያኮበኮበ አውሮፕላን።

ከታቼ ዘምዘም ናት፤ ሌሊት አሥር ሰዓት
ሆስፒታል ለማጽዳት ሚኒባስ የሚወስዳት።
የአልጋውን ብረት በእግሯ ትመታና፣
“ኧረ ያን ጢንዚዛሽን! አላህ ይይልኝ!” ትላለች።
ትራስ ላይ አስቀምጬ ላፍነው እሞክራለሁ፤
ይባስ ይግላል፣ ይባስ ይጮኻል።

ደሞዝ የወጣ ለት ቢጁ ዘንድ ወሰድኩት፤
የኬረላ ሰው ነው፤ ሱቁን ከደረጃ ሥር አገኘሁት።
“ባትሪው አብጧል፤ ይውጣ። ዲስኩም ይቀየር፤
አራት እጥፍ ይይዛል። ሚሞሪው ግን ይቅር፤
ከሰሌዳው ተበይዷል፤ ፋብሪካው ባለው ልክ
ያስታውሳል እንጂ፣
አይጨመርበትም።”

ከዚያ ማራገቢያውን ፈታ፤ በብርሃን አየን፤
አሸዋ፣ እንደ ዱቄት የላመ፤
“በር ዘግተሽም ይገባል” አለ፤
የብርድ ልብሴ ጭገር፤
እና አንድ ረጅም ሽበት፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ።
የእኔ አይደለም። የቢጁም አይደለም፤ ቢጁ መላጣ ነው።
የዜሮ አራት አንድ ሰባት ሰው ነው እንግዲህ፤
በየትኛው ሆቴል፣ በየትኛው ሌሊት፣
የትኛው ሒሳብ አልዘጋ ብሎት
ራሱን ሲያክ ወደቀበት?
ቢጁ በወረንጦ አውጥቶ እፍ አለው።

ያን ማታ ከፈትኩት፤ ጭጭ።
ሠንጠረዥ ደረብኩበት፤ ጭጭ።
ብቻዬን ሳቅኩ።
የማቀዝቀዣው ጠብታ ተሰማ፤
አስካለ ጥርሷን ስታፋጭ፤
ሊፍቱ ሲያቃስት፤
ከዚያ ከታቼ፣ ከብርድ ልብስ ውስጥ፣
አንድ የልጅ ድምፅ ከስልክ፦ “እማ፣ ጫማው ጠበበኝ።”
እንደገና፦ “እማ፣ ጫማው ጠበበኝ።”
እንደገና።
ቀጥሎ ልቅሶ፤ የታፈነ፣ የለመደ፣ መንገዱን የሚያውቅ ልቅሶ።
ድንገት ቀጥ አለ።
ዝምታውን እሷም ሰማችው።

ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። ትንፋሿን ይዛ ቆየች።
ስንት ወር ነው በዚያ ጢንዚዛ ሥር?
ቀስ ብዬ ትራሴን ሆዱ ሥር ወሸቅኩት፤
የሦስት ዓመቱን መዝገብ ባንድ ላይ ከፈትኩት፤
ቪዲዮ ጨመርኩ፣ ድምፁን ዘጋሁት፤
ጠበቅኩ። ጋለ። ጭኔን ለበለበኝ።
ትንኝ።
ጢንዚዛ።
ከታች አልጋው ነቃነቀ፤
የተያዘው ትንፋሽ ተለቀቀ።

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ጫማዋን እያሰረች፣
“ገንዘብሽን በሉሽ፤ ያው ነው እኮ!” አለች።
“በሉኝ” አልኳት፤
ጣራውን እያየሁ።
የልጁ እግር ቁጥር ስንት ነው? ልላት ነበር፤
በሩ ተዘጋ፤ ተውኩት።