ከ«ተ» በኋላ

በድንች ማዳበሪያ ጠቅልላ አመጣችው፣
አስፋልቱን ተሻግራ ባንኮኔ ላይ ጣለችው።
«የአባባ ዕቃ ነው» አለች ስንዱ፣ «ሬዲዮ ነው መሰል፤
ወይ ጠግነው፣ ወይ ሽጠው፤ ቤት አጣቧል፣ ይበቃል።»

ሬዲዮ አይደለም።
የመምህር ሀብተወልድ ኮምፒውተር ነው፤ አውቀዋለሁ፣
አስረኛ «ለ» ሳለሁ
በመስኮት አይቼዋለሁ።
ህንዳዊው የፊዚክስ አስተማሪ ሰባ ዘጠኝ ላይ ሲሸኝ፣
«ሻንጣዬ ሞላ» ብሎ ነው የሰጠው፤ መምህር ነበር የነገረኝ።

ማየት ሲፈልግ ቴሌቪዥን፣ ማስታወስ ሲፈልግ ካሴት፣
ከሰው ዕቃ ተውሶ የሚኖር፣ ያለ ሰው የማይሆንለት፤
አርባ ስምንት ሺህ ፊደል ሲሞላ «በቃኝ» የሚል፣
ሆዱ ከዛሬ ስልክ የአንዲት ፎቶ ጥግ የማያህል።

«አልሸጠውም» አልኳት። «ኢንተርኔት ላስገባው ነው።»
«አይ ምትኩ! ሽማግሌ ኬጂ ልትመዘግብ ነው?»
ሳቋን ይዛ ሄደች፣ ደብረ ብርሃን፣ ሥራዋ ወዳለበት፣
እኔ ቀረሁ ከሽማግሌው ጋር፣ ደብረ ሲና፣ ጉም ደጃፉን በዘጋበት።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።
ከመርካቶ ያስመጣሁት ቺፕ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣
ጀርባው ላይ በየድኩለት፣ ከስልኬ ዋይፋይ እንዲመጥጥ፤
ስልኬ ደግሞ ከጣርማ በር በኩል፣ ጉሙ ከዋጠው ማማ
ኔትወርክ ሲያገኝ የሚጠጣ፣ ሲያጣ ደግሞ የሚጠማ።
ቁልቁል የሚወርድ ካሚዮን ፍሬኑን ሲያስጮኸው
ቴሌቪዥኑ ይንቀጠቀጣል፤ ከዜሮ ነው የምጀምረው።

አንድ ማታ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ መስመሩ ያዘ።
የጠየቅኩት የአየሩን ጠባይ ነበር፤ ሌላ ምን ልጠይቀው፣
ፊደል በፊደል አንጠባጠበልኝ፣ ጣራ እንደሚያፈሰው።
በእንግሊዝኛ፦ «ደብረ ሲና። ጉም።»
መስኮቱን ቀና ብዬ አየሁ።
ይህን ለማወቅ ሃያ ደቂቃ ባላስፈለገኝም።

ስሜን በፊደላችን ስልክለት ግን ምልክት ነው የደረደረ፤
???
ምትኩ ማለት እሱ ዘንድ ይሄው ነበረ።

በነጋታው፣ ማዳበሪያውን ሳራግፍ፣ አንድ ካሴት ወደቀ።
ፊዚክስ መስሎኝ ነበር «ፊ» የሚለው የመምህር ጽሕፈት፤
ስድስት ደቂቃ አፏጨ፣ ሞረድ ላይ እንዳለ የቢላ ስለት።
ከዚያ ጸጥ።
ከዚያ ሀ።
ስምንት በስምንት ነጥብ፣ በካሬ ደብተር ተቆጥሮ፣
ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ፣ ለን፣ መን አልፎ፣ እስከ ተ ድረስ ተሰድሮ።

ከተ በኋላ ዜሮ ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።

መብራት ሄዶበት ይሁን፣ ታክቶት፣ ወይ ታሞ፣ አላውቅም፤
ያኔ በዚህ አገር ይህን የሚያነብለት ሌላ ማሽን አልነበረም።
ለማን ሊጽፍ ኖሯል?

ስሜን ደግሜ ላክሁ። «ምት?» አለኝ።
ሁለት ሦስተኛዬን መምህር አውቆኛል።

ለስንዱ ደወልኩላት። ይህን ጊዜ አልሳቀችም፤
«ማታ ማታ ይቆጥር ነበር፤ እማዬ ዕዳ መስሏት አልጠየቀችም።»
ዝም አለች።
«እስቲ እኔም ልጻፍለት» አለች ደግሞ፣ ድምፅዋ ተቀይሮ።

ሁለት ሰዓት ላይ መጣ፣ ነጭ በጥቁር፣
መምህር በሳለው፣ እኔ ባላውቀው ቁጥር፦

መብራት ?ለ ???

ከጥያቄ ምልክቶቹ የመጨረሻዋ ብቻ የራሷ ናት፤
የቀሩት መምህር ያልደረሰባቸው ፊደላት።

መብራቱስ ነበረ፤ በዚያ ማታ ምን ነክቶት እንደሁ አልሄደም።
«አለ» ብዬ እንዳልመልስ፣ አ የለም።

ተራው የቸ ነበር፤ ኀ፣ ነ፣ ኘ ከኋላ ተሰልፈው።
ይጠብቁ፤ ሠላሳ ዓመት ጠብቀው የለ፣ አንድ ሌሊት ምናቸው ነው?
የልጄን ካሬ ደብተር አወጣሁ፣ እርሳስ ቀረጽኩ፣
አራት ቤት ዘልዬ አ ቤት ገባሁ፤ ነጥብ መቁጠር ጀመርኩ።

ሁለቱን እግሩን ሳቆም ሰባት ሰዓት አልፏል።
ስንዱ ተኝታ ይሆናል።
ላክሁላት፦

አለ።