አርባ ስምንት ዓፀደ

ጥር ነው፤ ደብረ ብርሃን ውርጯን አልጣለችም፣
ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች፣ ግን ገና አልሞቀችም።
በሱፍ ፋብሪካው ቢሮ፣ በሦስተኛው መስኮት፣
ወይዘሮ ዓፀደ ሣህሌ ቆመዋል ከጧት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ፈትለውበታል፤
ዛሬ አንድ ወረቀት ሊያወጡ መጥተዋል።
እንዳልክ ስማቸውን ሳጥኗ ውስጥ ጻፈና፣
ጠበቀ፤ ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመችና—

የለም።

«የለም ይላል፣ እትዬ።»
«ማነው የሚለው?»
«ሲስተሙ።»
«እሱ የት ያውቀኛል?» አሉ።

እኔ ምድር ቤት ነበርኩ፣ ከሰርቨሩ ጥግ፣
ከግቢው ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነውና፣ ሙቀት ስፈልግ።
ስልኩ ጮኸ። ወጣሁ። እንዳልክ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤
ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፊቱ ነገረኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፈቃዱን ነበር፤
ሰነድም ፊት አይቶ ነው የሚከፍተው በር።
ፈቃዱ ደህና ነው።
ማውጫውን አየሁት፤ ሌሊት ሌሊት ዞሮ
የገባውን ሁሉ የሚመዘግብ ቆጥሮ፤
እሱም አላረፈም፣ መብራት ከጠፋባት ከአንዲት ቅዳሜ በቀር።
መጠይቁን ከፍቼ በዓመት ላጠብበው ስል፣
አንድ ቅንፍ ረስቼ ሰባት ሺህ ሰው መጣ፣
በሬሳ ነሐሴ ላይ ከአልጋው እንደወጣ።
ቅንፉን ዘጋሁት። ሁሉም ሄዱ።

ከስማቸው ፊት የኮከብ ምልክት ባኖር አልቀበልም አለ፤
ኮከብ ከኋላ ነው ደንቡ፣
የእኛ ቃል ደግሞ ከፊት ነው የሚሸከመው፦
የዓፀደ፣ ለዓፀደ፣ ከዓፀደ፣ በዓፀደ።

በመጨረሻ ፍለጋውን ተውኩት፤
የሰባ ዘጠኝን ማኅደር በዓይኔ፣ አንድ በአንድ አየሁት።
አለች!
አጸደ ሳህሌ።
የክረምት ተቀጣሪ ልጅ ስካን ሲያደርግ
ለጣቱ በቀለለው ፊደል የጻፋት።

ሰላድንጋይ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የኔታ ፊደልን በስሙ ነበር የሚጠሩት፦
ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤
እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ።
ድምፁ አንድ፣ ወንበሩ ሁለት ሦስት።
ለጆሯችን ወንድማማች ናቸው፤
ለማሽኑ ግን ባዕድ፣
አንድ ጎጆ እያደሩ ሰላም የማይባባሉ።

ብጣሽ ወረቀት ስቤ ቆጠርኩ።
ዓ በአራት መልክ ይጻፋል፣ ፀ በሁለት፣
ሣ በሁለት፣ ህ በሦስት፤
አንዲት ሴት አርባ ስምንት ሴት ሆነች።
አርባ ሰባቱ የትም የሉም።
አንዷ መስኮቱ ላይ ቆማ ታስላለች።

ወረቀታቸውን አትሜ ሰጠኋቸው። አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት፣ ሄዱ።
ማታ ተቀምጬ ለሳጥኗ ሕግ ጻፍኩላት፦
ስትፈልግ፣ ስትፈልግ ብቻ፣
ሐመሩም ብዙኃኑም ሃሌታው ይሁኑ፣
ንጉሡም ከእሳቱ ጋር አንድ ምድጃ ይሙቅ።
ሰነዱን ግን አልነካሁም፤
ሰው ስሙን እንደጻፈው ይደር።

ማውጫው ዞሮ አደረ። ጧት እንዳልክ ሞከረው፣
አርባ ስምንቱም መንገድ አንድ ደጅ አደረሰው።
ደጁ ላይ ግን ሦስት ሰነድ ቆሟል።
አንዱ የእሳቸው።
ሁለቱ የሌላ ዓፀደ ሣህሌ፣ የጣርማ በር ሰው፣ ከማቅለሚያ ክፍል፤
አንዱ ማኅደሯ፣ አንዱ ማመልከቻዋ፣
በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፈው ሳይገናኙ የኖሩ።
ማመልከቻው ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ተፈልጎ የለም።»
ቀኑን አየሁት።
ሲስተሙን በተከልኩ በሁለተኛው ወር ነው።
ስልክ ቁጥር የለውም።

ያን ቀን አንዲት ቃል ቀየርኩ፤
ሳጥኗ ባዶ ስትሆን «የለም» እንዳትል፣
«አላገኘሁም» እንድትል።
እንዳልክ ሳቀ፦ «ማሽን ደግሞ ‹እኔ› ይላል?»
ይበላ።

ለጣርማ በር ደብዳቤ አዘጋጀን፤
ስሟን በየትኛው ዓ እንደምንጽፍ ስንከራከር
ፖስታው ሳይታሸግ ዋለ።