የቆላ ልጅ

ኮምቦልቻ ስገዛው ፀሐዩ ጠራራ፣
ሻጩ በአንድ እጁ ነው ያስነሣው፣ በግራ።
በቀኙ ሙዝ ይዞ፣ አፉን በሙዝ ሞልቶ፣
«ሕፃን ያስነሣዋል» አለኝ፣ ብሬን በልቶ።

ሐረጎን ዳገቱን እያጓራ ወጣ፣
ከኋላ ሚኒባስ ክላክሱን ሲያጮኸው፣ ረዳቱ ሲቆጣ፤
እኔ ግን ኮራሁኝ፦
ዳልቻንና ቦራን ሸጬ ያመጣሁት፣
ጎደሎውን ደግሞ በብድር የሞላሁት፣
በሬዬ ነው፤ ብረት።

ደሴን በፒያሳ አቋርጠን ቦሩ ሜዳ ስንደርስ መሸ፤
ከጦሳ በኩል የመጣው ንፋስ ጆሮዬን ፈተሸ።
ጥር ነው፤ በልግ ሊገባ ነው፤ መሬቱ ግን አልተነካ፤
ሌሊቱን ውርጭ ዘራበት፣ እኔን ቀድሞኝ፣ ሳይለካ።

ጧት ማኖቬላዬን በቡልኮ ሸፍኜ ይዤ፣
ከደጃፌ ሳልርቅ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ እኔም ደንዝዤ፣
አንዴ አዞርኩት፤ እም።
ሁለቴ፤ እም።
በሦስተኛው ሳለ፤ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣ፣ እንደ ድመት ትንፋሽ፤
ከዚያ ዝም። እኔም ዝም። ተያየን፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ።

ዘይቱን በዘንጉ ባየው አይንጠባጠብም፤
ረግቷል እንደ ማር፤ ማር ግን ይላሳል፣ ይኼ አይላስም።

ሻጩን ደወልኩለት።
«ብርድ ምንድን ነው?» አለኝ፣ ከኮምቦልቻ ሙቀት።
ከበስተጀርባው ማራገቢያ ሲዞር ይሰማኛል፤
«ይነሣል» አለኝ፤ «ሁልጊዜ ይነሣል።»

ሰው ተሰበሰበ።
«ግፉት» አለ አንዱ፤ ገፋነው እስከ ወንዙ፤
መልሶ ማምጣቱ ሆነብን መዘዙ።
«ካንዴላው ነው» አለ አረቦ፣ ሻሹን ጠምጥሞ፤
ናፍጣ ካንዴላ የለውም ቢሉት፣ ሄደ ተቀይሞ።
እማማ ከድጃ «ዱዓ ይሻል» ብለው እንትፍ አሉበት፤
ምራቃቸው ሳይቀር ብረቱ ላይ ረጋበት።

ጋሽ ዘገየ መጡ፣ እንደ ስማቸው ዘግይተው፣
የአሰብን መንገድ በኤንትሬ ሠላሳ ዓመት ፈጭተው።
ጆሯቸው ከድቷል፤ በመዳፍ ነው የሚሰሙት።
ሆዱን ዳበሱና ጥቂት ዝም አሉት።
«የቆላ ልጅ እኮ ነው» አሉ፤ «ምን አጠፋ?
ብርድ ነው የያዘው እንጂ ልቡ አልጠፋ።

ፍም በጣሳ ይምጣ፣ ከዘይቱ ሥር ይግባ፤
የፈላ ውኃ በራዲያተሩ ትጨምር ዘቢባ፤
የትንፋሹን ምላስ ወደ ላይ አንሣና ባዶውን አሽከርክረው፤
ሲቀልልህ፣ ሲሮጥልህ፣ ያኔ ምላሱን ልቀቀው።
አውራ ጣትህን ደሞ አትጠምጥም በብረቱ፤
ከመታህ መታህ ነው፣ ጩኸትህ ለከንቱ።
ይኼውልህ የእኔ።» ጣታቸው ወደ ኋላ የዞረ፣
ባቲ ቁልቁለት ላይ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ የተሰበረ።

ቆየን፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ።

አዞርኩ። ከበደ። አዞርኩ። ቀለለ። ሮጠ። ለቀቅሁት፤
ዱብ።
ዱብ… ዱብ።
ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ፦
የባሕር ዛፉን ወፍ ሁሉ አስነሣሁት!
ዘቢባ ዕልል አለች፤ አረቦ ኩርፊያውን ረስቶ ከቤቱ ወጣ፤
ጋሽ ዘገየ መዳፋቸውን ሳያነሡ፣ «መጣ» አሉ፤ «መጣ።»

ማጥፋቱን ግን ፈራሁ።
የእኔን አርሼ ጨረስኩ፤ የጋሽ ዘገየን አረስኩ፤
የአረቦን ቁራሽ፣ የእማማ ከድጃን ጓሮ አዳረስኩ፤
ቁርሴን መሪው ላይ በላሁ፣ ምሳዬንም ቆሜ፤
ናፍጣው ሊያልቅ ሲል ነው ያጠፋሁት፣ በጀንበር ጥልቂያ፣ ከነድካሜ።

ዝምታው ሲመለስ ዳልቻ ትዝ አለኝ።
ጧት ጋጣ ስገባ እሱ ነበር የሚያሞቀኝ፤
አፍንጫው ሥር እጄን ይዤ፣ በትንፋሹ ጣቴ ሲፍታታ፣
ከዚያ ነበር ቀንበር የማነሣው።
አሁን ተራው የእኔ ሆኖ ብረት ላሙቅ ጧት ማታ።

ዘቢባ ምንም አላለች። ካልጋው ላይ ብርድ ልብሱን አነሣች፣
ወጥታ ሞተሩን አለበሰች፣ ጫፉን በድንጋይ አስያዘች።
ሌሊት እግሯ በረዶ ነበር፤ የእኔም እግር አልሞቀም።
«እሱ ይሙቅ» አለች በጨለማው፤
«እኛን ለማስነሣት ማኖቬላ አያስፈልግም።»